ለባቡር የተላኩ ሽማግሌዎች

አቶ ወልዴ መኪና መንዳት አይችሉም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ደብረ ብርሃን፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ኃላፊ በነበሩ ጊዜ፣ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ሃያ ዓመት ሲነዱ አንድ በግ እንኳ አልገጩም። ዳላስ መጥተው ለመንጃ ፈቃድ አራት ጊዜ ተፈትነው አራት ጊዜ የወደቁት ባለመቻል ሳይሆን በጨዋነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር በአራቱም ማዕዘን «ቁም» የሚል ምልክት የተተከለበት መስቀለኛ መንገድ አለ። ሁሉም ይቆማል፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል። አቶ ወልዴ ግን ቀድመው ቢደርሱም ሰው ጥለው መሄድ አልሆነላቸውም። በቀኝ በኩል የቆመችውን ሴትዮ በእጃቸው «እለፊ» አሏት፤ አለፈች። በግራ ያለውን ሽበታም ሰውዬ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አሳለፉት። ከፊት የመጣው የቆሻሻ መኪናም ትልቅ ነውና ቅድሚያ ተሰጠው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ጥሩምባውን ያንባርቃል፤ ፈታኟ ደግሞ ወረቀቷ ላይ ትጽፋለች። በአራተኛው ጊዜ ያቺው ፈታኝ ገና በሩን ስትከፍት አወቀቻቸውና «ዛሬስ መስቀለኛውን እንሻገር ይሆን?» አለቻቸው። አልተሻገሩም።

ስለዚህ አቶ ወልዴ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ሥራ የሚሄዱት በሙሉወርቅ መኪና ነበር። ሙሉወርቅ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ የሥራ ባልደረባቸውም ናት፤ ምላሷ ከመኪናዋ ይፈጥናል። ሁለቱም የሚኖሩት ቪከሪ ሜዶ ነው፤ የሚሠሩት ደግሞ ፋርመርስ ብራንች፣ የጠረጴዛ መብራት እያሸገ በሚልክ መጋዘን ውስጥ።

አቶ ወልዴ ሥራቸውን ይወዱታል። እውነቱን ለመናገር ሥራውም እሳቸውን ይወዳቸዋል። አንድ ቀን የታሸገ ካርቶን ብድግ አድርገው፣ በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና «አምፖል ይጎድለዋል» አሉ። አለቃው ሳቀ፤ ካርቶኑ ሲከፈት ግን ሁለት አምፖል ጎድሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያጠራጠረ ካርቶን ሁሉ ወደ «ዋልዲ» ይላካል። ቤት ሲገቡ ግን ዋልዲ የለም። ቤት ያሉት የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ከስልኩ የማይለዩ አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው።

ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ሃይሚ ታዲያ አንድ ቃል ነበራት። «አባዬ፣ ስልሳ ሦስት ዓመትህ ነው። ወገብህን ያምሃል። በቃ ቁጭ በል!» ይህን በየእሑዱ ትላለች፤ አቶ ወልዴም በየእሑዱ አይሰሙም።

ቤንዚን በጣም በተወደደበት በዚያ በጋ፣ በሐምሌ ወር፣ ሙሉወርቅ አንድ ጠዋት መኪና ውስጥ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ማለቴ… ላገባ ነው።»

«እሰይ! እልልልል!» አሉ አቶ ወልዴ፤ መቀመጫ ቀበቶው ባይዛቸው ይነሡ ነበር።

«ሜስኪት ነው የምንገባው። በነሐሴ መጨረሻ።»

እልልታው ቆመ። ሜስኪት በምሥራቅ፣ ፋርመርስ ብራንች በሰሜን ምዕራብ። በመካከል ቪከሪ ሜዶ ጎራ ብሎ ሽማግሌ ጭኖ መሄድ ለአንድ ሳምንት ጽድቅ ነው፤ ለዕድሜ ልክ ግን ጭንቅ ነው። አቶ ወልዴ «ለእኔ አታስቢ» አሉ። ሰው «ለእኔ አታስቡ» ሲል በሚያሳዝን ድምፅ ነው ያሉት።

«ባቡሩ ቢመጣ እኮ ጥሩ ነበር» አለች ሙሉወርቅ።

ባቡሩን ሁለቱም ያውቁታል። ማለትም የሌለውን ባቡር። ከመጋዘኑ ጀርባ ያረጀ ሐዲድ አለ፤ ሰው የጫነ ባቡር ካለፈበት ሃምሳ ዓመት ሆኖታል ይላሉ። ዕቃ የሚጭነውም ከቀረ ቆይቷል። ሣሩ የሰው ወገብ ያህል በቅሎበታል፤ አቶ ወልዴ በምሳ ሰዓት ሐዲዱ ላይ ተቀምጠው ነው የሚበሉት። አሁን መንገደኛ የሚጭን ባቡር በዚያው መሥመር እንዲመለስ ተወስኗል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ይጀምራል። ቪከሪ ሜዶ አጠገብ ቀድሞውንም ባቡር አለና፣ መሀል ከተማ ወርዶ አንዴ ቀይሮ መምጣት ነው። ፌርማታዎቹም ተመርጠዋል፤ ያልጸደቀ አንድ ብቻ ነው። እሱም በመጋዘኑ ጀርባ ያለው ነው። እሱ ከተሰረዘ ቀጣዩ ፌርማታ በጣም ሩቅ ነው፤ መንገዱም ለመኪና እንጂ ለእግረኛ አልተሠራም።

ያልጸደቀውም በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ከመጋዘኑ ማዶ፣ በሐዲዱ ዳር ከተደረደሩት ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ ሚስተር ካልቨርት የሚባሉ ጡረተኛ የአርባ አንድ ቤት ፊርማ አሰባስበዋል፤ ባቡሩ ይጮኻል፣ ሰላማችንን ይነሣል ብለው። ግቢያቸው ፊት ለፊት ትልቅ ሰሌዳ ተክለዋል፤ «እዚህ ፌርማታ አንፈልግም» ይላል። ሙሉወርቅና አቶ ወልዴ በየጠዋቱ በሰሌዳው አጠገብ ያልፋሉ። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ በነሐሴ አጋማሽ፣ ማክሰኞ አመሻሽ፣ ነዋሪውን ሰምቶ ድምፅ ይሰጣል።

ሙሉወርቅ አሰበችና እንዲህ አለች፦ «ጋሽ ወልዴ፣ መጨረሻው የታወቀ ሸክም አይከብድም። ሶ፣ ፌርማታው ከጸደቀ፣ ባቡሩ እስኪመጣ ከሜስኪት እየተነሣሁ ራይድ እሰጥዎታለሁ። ካልጸደቀ ግን እስከ መቼ ነው? ባሌስ ምን ይለኛል?»

ያን ዕለት ማታ ሙሉወርቅና ሃይሚ በስልክ ተነጋግረው በአቶ ወልዴ ላይ ፈረዱ። ፌርማታው ከጸደቀ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ካልጸደቀ በነሐሴ መጨረሻ ሥራ አቁመው ቤት ይቀመጣሉ። ይግባኝ የለም።

በማግሥቱ በሰሌዳው አጠገብ ሲያልፉ ሙሉወርቅ ሳቀች። «እንዴት ነው ሰውዬው የሚያኮርፈው! ልጄን አልሰጥም ያለ አባት እኮ ነው የሚመስለው። ሽማግሌ ይላኩበት በቃ!» አለችና በራሷ ቀልድ እንባዋ እስኪመጣ ስትስቅ መታጠፊያውን አለፈችው።

አቶ ወልዴ አልሳቁም። «ስንት ሽማግሌ ይበቃል?» አሏት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ፣ ጉባኤ ተቀመጠ። ዋናው ሽማግሌ አቶ ኃይለ ማርያም ሆኑ። የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ ዳላስ ውስጥ ሃያ ሦስት ጋብቻ አስማምተዋል፤ ሃያ ሁለቱ ጸንቷል። ስለ ሃያ ሦስተኛው ማንም ሳይጠይቃቸው «እሱ የልጁ ጠባይ ነው» ይላሉ። ሁለተኛው ገመቹ ነው፤ ከአየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ገና ሃምሳ አልሞላውም፤ እንግሊዝኛው ግን እንደ ውኃ ይፈስሳል።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ማንም አልጠራቸውም ነበር።

«ሴት ሽማግሌ ሆና አታውቅም፣ እቴ አባይነሽ» አሉ አቶ ኃይለ ማርያም።

«ለባቡርስ ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል?»

በዚሁ ሦስት ሆኑ። አቶ ወልዴ ራሳቸው አብረው ለመሄድ ሲነሡ ግን አቶ ኃይለ ማርያም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አቆሟቸው። «ሙሽራ ሽማግሌ ይከተላል እንዴ? ነውር ነው! መኪና ውስጥ ሆነህ ጸልይ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ የቴክሳስ ፀሐይ አስፋልቱን ታቀልጥ ነበር። አቶ ኃይለ ማርያም «ያለ ጋቢ ሽማግሌ አይባልም» በማለታቸው ሁለቱ ወንዶች ጋቢ ደርበው፣ ወይዘሮ አባይነሽ ነጠላ አጣፍተው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ ወደ በሩ ሄዱ። ሙሉወርቅ መኪናዋን ከቤቱ ራቅ አድርጋ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ፓርክ አደረገች። አቶ ወልዴ ከኋላ ወንበር ዝቅ ብለው ያያሉ።

«ሙሽራው፣ ቀና አይበሉ፤ አማትዎ ያዩዎታል» አለቻቸው።

በሩ ተከፈተ። ረዥም፣ ኮፍያ ያደረጉ፣ የሰባ ዓመት ግድም ሰውዬ ብቅ አሉ። ሦስቱ እጅ ነሡ። ሰውዬው አንድ ነገር አሉ፤ አቶ ኃይለ ማርያም ብዙ ነገር አሉ፤ ገመቹ ጥቂት አድርጎ ተረጎመው። ሰውዬው በረንዳው ላይ ያለውን ወንበር አሳዩ፤ ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

«እሺ ምን አሉ?» አሉ አቶ ወልዴ ሽማግሌዎቹ መኪና ውስጥ እንደገቡ።

«በመጀመሪያ 'እኔ ቤተ ክርስቲያን አለኝ' አሉ» አለ ገመቹ ፊቱን እየጠረገ። «ሰባኪ መስለናቸዋል። መምህር ደግሞ 'እኛም አለን' ብለው ነገሩን አባሱት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጉዳያችንን ነገርናቸው። እንቢ አሉ።»

«እንዴት ያለ እንቢ?»

«ጥርት ያለ እንቢ። አምስት ጊዜ።»

የአቶ ወልዴ ፊት ወደቀ። አቶ ኃይለ ማርያም ግን ጉልበታቸውን በደስታ መቱት። «አምስት ብቻ! ያጋባኋት የወለተጊዮርጊስ አባት እኮ ዘጠኝ ጊዜ እንቢ ብለው ነው የሰጡን። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን አይወድም። ይሄ ሰው ጨዋ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለሳለን።»

«መምህር፣ የእነሱ እንቢ እኮ እንቢ ማለት ነው» አለች ሙሉወርቅ።

«ፈረንጅም ሰው ነው» አሉ አቶ ኃይለ ማርያም፤ ተከራካሪ አልተገኘም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሚስተር ካልቨርት በሩን ከፍተው ሦስቱን ነጭ የለበሱ ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። ቀጥሎ ገቡና ቀዝቃዛ ሻይ በብርጭቆ ይዘው ወጡ። ወንበሮቹንም አጠጉ። ሽማግሌዎቹ ሻዩን ተቀበሉ፤ መቀመጡን ግን እንቢ አሉ። ጉዳዩ ሳይያዝለት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለማ! ሰውዬውም እንግዳ ቆሞ መቀመጡን አፈሩ መሰለኝ፣ አልተቀመጡም። አራት ባዶ ወንበር መሀል አራት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሲነጋገር ጎረቤቱ ሁሉ መጋረጃውን ገለጥ እያደረገ ያይ ነበር። በመጨረሻ ሚስተር ካልቨርት አሁንም እንቢ ብለው፣ አንድ ከረጢት ቲማቲም ሰጥተው ሸኟቸው።

«ስንቅ ሰጡን!» አሉ አቶ ኃይለ ማርያም መኪና ውስጥ። «ይህ እኮ ግማሽ እሺ ነው።»

ወይዘሮ አባይነሽ ግን አንድ ቲማቲም እያገላበጡ ያዩ ነበር። አፈር ነክቶታል።

«ይሄ ከገበያ አልመጣም» አሉ። «ግቢያቸው ደግሞ ከፊትም ከጎንም ሣር ብቻ ነው። በመስኮቱ አሻግሬ ጓሮውንም አይቼዋለሁ፤ ሣር ነው። ከኋላ አጥራቸው ላይ ግን ትንሽ በር አለች። ከበሯ ወዲያ ያለው የማን መሬት ነው?»

«የባቡሩ» አለች ሙሉወርቅ።

«አያችሁ! ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ሰውዬው ጩኸት አልፈሩም። ሰውዬው ድንበር ገፍተዋል።»

መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ በየአገራቸው ስንት የድንበር ሙግት ያዩ ሰዎች ናቸውና፣ «ኧረ!» አሉ በአንድ ላይ።

ዞረው በመጋዘኑ በኩል ገብተው አዩት። ሐዲዱ ከሚጠማዘዝበት ወዲያ፣ አቶ ወልዴ ምሳ ከሚበሉበት ብዙም ሳይርቅ፣ ግን ከሣሩ ጀርባ ተደብቆ፣ አንድ ትልቅ የአትክልት ቦታ አለ። ቲማቲም፣ ባሚያ፣ ቃሪያ፣ ባቄላ፣ በመሥመር በመሥመር። ሦስት የኮክ ዛፍ። ዱባው ሳይፈራ ሐዲዱ ላይ ወጥቶ ተጋድሟል። አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ፣ በብዙ ዓመት ድካም የተሠራ ነው።

«አለቀ!» አለ ገመቹ። «ለባቡሩ መሥሪያ ቤት አንድ ኮል አደርጋለሁ። የመንግሥት መሬት ይዘህ ነው ፊርማ የምታሰባስበው? ማክሰኞ ምክር ቤቱ ፊት አፋቸውን መክፈት አይችሉም። ጋሽ ወልዴ፣ ሥራዎ ተረፈ!»

ለአቶ ወልዴ በእርግጥም አንድ ስልክ ብቻ ነበር የቀረው። የነሐሴ መጨረሻ እየደረሰ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ከሶፋ ላይ የሚነሡበት ምክንያት የሚያጡበት ቀን ቀርቧል። «ደውል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን አፈሩ ላይ ነበር። ግምጃ ቤት የኖረ ሰው ዕቃ ሲያይ ስንት ቀን እንደተደከመበት ያውቃል።

«በሽማግሌ የጀመርነውን በክስ አንጨርሰውም» አሉ በመጨረሻ፤ ባሉም ቅጽበት ቆጫቸው።

«እንግዲያው ቁጭ ማለትዎን ይለማመዱ» አለች ሙሉወርቅ። ቢሆንም ስትመለስ በዝግታ ነዳች፤ ስታደንቅ እንደዚያ ነች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ሆነ። ሚስተር ካልቨርት በረንዳቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና እጅ ሳይነሡ ጣታቸውን ወደ ዛፉ ሥር ቀሰሩና አንድ ነገር ተናገሩ። ገመቹ እየሮጠ ወደ መኪናው መጣ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ተይዘዋል! 'ያ ሰውዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪና ውስጥ ተጎንብሶ ቤቴን የሚያየው ፖሊስ ነው ወይስ ከባቡር መሥሪያ ቤት የመጣ ነው?' እያሉ ነው።»

«ምን አልካቸው?»

«ሙሽራው ነው አልኳቸው። ሳቁ። 'እንግዲያው ሙሽራውን ልየው' አሉ።»

«ሥርዓት አይደለም!» የሚል የአቶ ኃይለ ማርያም ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። ሙሉወርቅ ግን በሩን ከፍታ አቶ ወልዴን ገፋ አደረገቻቸው።

አቶ ወልዴ ኮታቸውን እያስተካከሉ ሄዱ። እንግሊዝኛቸው ለካርቶን የሚበቃ ነው፤ ለሰው ሲሆን ያጥራል። ሳምንቱን ሙሉ ያጠኑት ንግግርም በደረጃው ላይ ጠፋባቸው። ሚስተር ካልቨርት ወንበር አሳዩዋቸው።

«አልቀመጥም» አሉ አቶ ወልዴ፤ ከዚያ ያለ ገመቹ እርዳታ፣ በተሰባበረ ቋንቋ፣ ቀጠሉ። እዚያ ማዶ እሠራለሁ አሉ። መብራት። ካርቶን። መኪና አልነዳም። ባቡር ከሌለ ሥራ የለም። «ልጄ ቁጭ በል ትለኛለች። ጥሩ ልጅ ናት። ግን እኔ አውቃለሁ፤ ቁጭ ካልኩ አልነሣም።»

ሚስተር ካልቨርት ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ከስልክ ድርጅት ጡረታ የወጡ ዕለት ልጆቻቸው እግር የሚያሳርፍ ትልቅ ወንበር ገዝተውላቸው ነበር፤ ይህን ቆይቶ ለገመቹ ነገሩት። ያን ጊዜ ግን ዞረው በቤቱ ጎን ወደ ኋላ ሄዱና ያችን ትንሽ በር ከፈቱ።

አምስቱም በአትክልቱ መሀል በአንድ ረድፍ ሄዱ። ሰውዬው ከመንገዳቸው ላይ ቅጠል እየቀጠፉ፣ እንደ ጥፋተኛም እንደ ባለቤትም ሆነው ይናገራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት። መጀመሪያ አንድ ክንድ ብቻ ነበር፤ ማንም ምንም አላለም፤ ሁለት ክንድ ሆነ። ሚስታቸው ሳትቀር ድንበሩ የት ጋ እንደሆነ ረስታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ቲማቲሙን ይበላል፤ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም።

አቶ ወልዴ በርከክ ብለው አፈሩን በእፍኛቸው አነሡ፤ መዘን መዘን አደረጉት። «ቲማቲም አፈር ነው የሚወደው፣ ቦታ አይደለም» አሉ። «አፈሩ ይሄዳል። ጓሮዎ ሣር ነው። እናወጣዋለን፣ አፈሩን እናስገባለን።»

«ማን ነው የሚያስገባው?» አሉ ሚስተር ካልቨርት። «እኔ ብቻዬን ዓመት ይፈጅብኛል።»

«ደቦ» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ።

ገመቹ ለመተርጎም ትንሽ ታገለ። «ሁላችንም እንመጣለን ማለት ነው። በአንድ ቀን እንጨርሳለን። ክፍያ የለም፤ ምሳ ብቻ።»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አላሉም። ነገር ግን አርባ ጎረቤት አስከትለዋል። «እኔ እኮ ነኝ በየበሩ እየሄድኩ ያስፈረምኳቸው። አሁን ምን ብዬ ነው የምተወው?» አሉ።

«እውነቱን ብለው» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ፤ ይህን ገመቹ በአንድ ቃል ተረጎመው።

ሚስተር ካልቨርት የኮኩን ዛፍ ቅርፊት በጥፍራቸው እየፋቁ ቆዩ። «አስብበታለሁ» አሉ።

በመኪናው ውስጥ አቶ ኃይለ ማርያም ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። «ከሸፈ» አሉ። «እንቢ ሲሉ ነበር ተስፋ የነበረን። 'አስብበታለሁ' ያለ ሰው ልጁን ለሌላ ነው የሚድረው። ሃያ ሦስተኛውም ያኔ…»

«የልጁ ጠባይ ነው» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ማክሰኞ አመሻሽ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ሃይሚም የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። አንዲት ሴትዮ ስለ ልጆቿ እንቅልፍ ተናገረች። አንድ ጎልማሳ ስለ መኪና መጨናነቅ ተናገረ።

ከዚያ ሚስተር ካልቨርት ተጠሩ። የአርባ አንዱን ቤት ፊርማ በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው የተቀመጡት ጎረቤቶቻቸው አጨበጨቡ። ሰውዬው ድምፅ ማጉያውን ነካ ነካ አድርገው፣ ቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ አባላት እያዩ፣ እንዲህ አሉ፦

«እዚህ ወረቀት ላይ ባቡሩ ይጮኻል ብዬ ጽፌአለሁ። የግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ቀኙም ብዙ አይቀረው። ጩኸት ግድ የለኝም። በባቡሩ መሬት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቲማቲም ስተክል ነው የኖርኩት። ባቡሩ ሲመጣ ይታወቅብኛል ብዬ ነው።»

ስለ ልጆቿ እንቅልፍ የተናገረችው ሴትዮ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሶስ የሠራሁበት ቲማቲም…» ስትል ተሰማች።

«አዎ፣ ማርጋሬት፣ እሱ ነው» አሉ ሚስተር ካልቨርት ሳይዞሩ። «ፊርማዬን አንሥቻለሁ። የሌሎቹን የሌሎቹ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ እስከ ጥቅምት ጊዜ ስጡኝ። ሁለተኛው ዙር አልበሰለም።»

ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ መሣቁን ለመደበቅ ወረቀት አነሣ። ሌላይቱ መሬቱ ምን ያህል ይሆናል ብላ ጠየቀች። «ዱባው በደረሰበት ይወሰናል» አሉ ሰውዬው። በዚህ ሁሉም ሳቀ፤ ጎረቤቶቻቸው ግን እኩሌቶቹ ብቻ።

አቶ ወልዴም ለመናገር ተመዝግበው ነበር። ስማቸው ተጣሞ ሲጠራ ተነሡ፤ የጻፉትን ወረቀት ዘረጉ፤ አጠፉት። «እሳቸው ተናግረዋል፤ እኔ አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ። ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶት አራት ሰከንድ የተጠቀመ ሰው በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊት አልታየም።

ድምፅ ተሰጠ። አራት ለአንድ። ፌርማታው ጸደቀ።

አቶ ኃይለ ማርያም በኮሪደሩ ላይ ያገኙትን ሁሉ እየጨበጡ «ሃያ አራተኛው!» ይሉ ነበር።

ደቦው በጥቅምት፣ የመጨረሻው ቲማቲም በተለቀመ በሳምንቱ ተጠራ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሠላሳ ያህል ሰው አካፋና የእጅ ጋሪ ይዞ መጣ። ገመቹ ከጓደኛው ፒክአፕ ተዋሰ። ሙሉወርቅ አዲሱን ባሏን አካፋ አስይዛ አመጣችው፤ በየአምስት ደቂቃው «ሃያ አንድ ወር ነው የቀረው፤ እንዲህ እያልክ ቁጠር» ትለዋለች። ማርጋሬትም በመጀመሪያ ከአጥሩ ወዲያ ሆና እንደተኮሳተረች ስታይ ቆየች፤ በኋላ የራሷን ባልዲ ይዛ ገባች፤ ለሚስተር ካልቨርት ግን ገና ሰላምታ አልሰጠችም።

በሥራው መሀል አቶ ወልዴና ሚስተር ካልቨርት ተጣሉ። አንዱ ባሚያው በአጥሩ ሥር ይሁን ይላሉ፤ ሌላው ጥላ ይበዛበታል ይላሉ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፤ ሁለቱም በትክክል ይግባባሉ። አቶ ወልዴ ነገሩን በተግባር ለማሳየት አካፋቸውን አንሥተው ራሳቸው መቆፈር ጀመሩ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ ሃይሚ ምሳ ጭና ደረሰች። ድስቱን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ አባቷን ከሩቅ አየቻቸውና ጮኸች።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው? አካፋውን ስጣቸው! ሰኞ እኮ ሥራ አለህ!»

አቶ ወልዴ አካፋቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። የሰሙትን በልባቸው አንድ ጊዜ ደገሙት። ከዚያ አካፋውን ለሙሉወርቅ ባል ሰጡና፣ ያለ አንዳች ክርክር፣ ወደ ሚስተር ካልቨርት በረንዳ ሄደው ቁጭ አሉ።